አባቴ ያደረቀው ፍሪሲዮን

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ካዛንቺስ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሞተር ሳይክል ሲያመላልስ ኖሯል። የሚነዳው ከባድ የድሮ ሞተር ነበር፤ ኃይሉን ለጎማው የሚያቀብለው ፍሪሲዮኑ እንደ መኪና ደረቅ ነው። ቂርቆስ ያደግንበት ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ነበር፦ አንደኛው የሰፈሩ ታቦት፣ ሁለተኛው «ዘይት የነካው ፍሪሲዮን ይንሸራተታል» የሚለው። እኔ በሁለቱም አምኜ አደግሁ።

ካደግሁ በኋላ ዕቃ የማደርስበት ሞተር ገዛሁ። የዚህኛው ፍሪሲዮን የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው።

አንድ ጊዜ ለቅሶ ለመድረስ ክፍለ ሀገር ሁለት ቀን ቆየሁ። አባቴ በዚህ መሀል ውለታ ሊውልልኝ ሞተሬን ከፈተው። ፍሪሲዮኑ በዘይት ርሶ ሲያገኘው ሻጩ እንዳጭበረበረኝ ገባው። ምስክር እንዲሆኑ ሁለት ጎረቤት ጠርቶ አሳያቸው፤ እነሱም ከንፈር መጠጡ። ከዚያ የፍሪሲዮኑን ዲስኮች በቤንዚን አጥቦ፣ ልክ እንደ በርበሬ በሰፌድ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። መልሶ ሲገጥም ደግሞ ፍሪሲዮኑ ጋ እንዳይደርስ ብሎ የሞተሩን ዘይት ቀነሰው።

ስመለስ በር ላይ ጠበቀኝ። «ተሸውደህ ነበር፤ አስተካክዬልሃለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ግን እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ፊቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አይቼው የማላውቀው ፊት ነው። አመሰገንኩት። ነገ ተደብቄ ዘይቱን እሞላለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ግን ትእዛዝ ቀደመኝ፤ ከመስቀል ፍላወር ወደ ካዛንቺስ የልደት ኬክ። አንድ ኬክ ምን ያመጣል አልኩ። ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። ኬኩ በእግር ደረሰ። ሞተሩን እየገፋሁ ቄራ ወዳለው መካኒኬ ወረድኩ።

መካኒኩ ከፍቶ የጠቆሩትን ዲስኮች አየና ማን እንዳደረቃቸው ጠየቀኝ። አንድ መካኒክ ነው አልኩ። ሥራውን እንደማያውቅ፣ አገጣጠሙ ግን የሚደነቅ እንደሆነ ነገረኝ፤ አንድም ብሎን አላበላሸም። በዚያ ሰዓት መኩራቴን አልክድም።

ማታ አዲስ ዲስክ የተገጠመለትን ሞተር ይዤ፣ ለአባቴ የድሮዎቹ ዲስኮች አርጅተው ነው ልለው አስቤ ገባሁ። ዳገት ላይ መቆሜን ከጎረቤት ሰምቶ ኖሯል፤ አፌን ሳልከፍት እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ። ዘይት መልሶ ገብቶበት ይሆናል፣ ልክፈተውና እንደገና ላድርቀው አለ። እንጀራዬ በዚያ ሞተር ላይ ነው፤ መሸሻ አጣሁ። የዚህኛው ፍሪሲዮን ያለ ዘይት እንደሚቃጠል ነገርኩት።

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ያለው ፍሪሲዮን ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ጠየቀኝ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አልኩት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር፣ አባዬ።»

«እኔን ደስ እንዲለኝ ብለህ ሞተርህን አቃጠልክ?»

አዎ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ለረጅም ጊዜም አልመለሰውም።