ዘሃራን ኮምቦልቻ አድርሼ ስመለስ

ማለዳ 12:30፣ ደሴ መናኸሪያ

የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል፤ ሰው ግን ተነስቷል። ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ትኩስ ሳምቡሳ፣ «ኮምቦልቻ አንድ ሰው!» የሚል ረዳት። አንድ ሰው ቀርቶታል የተባለው መኪና ስንገባ ግማሹ ባዶ ነው። ይህ ውሸት እኔ አስተማሪ ሳለሁም ነበር።

አጠገቤ ባለቤቴ ዘሃራ ተቀምጣለች። ሐኪሙ የደሴ ከፍታና ብርድ ለልብሽ አይስማማም፣ ወደ ቆላ ውረጂ ብሏታል። ኮምቦልቻ ልጃችን ፋጡማ አለች፤ ባሏ ሰይድ ፋብሪካ ይሠራል። እኔ አድርሻት ልመለስ ነው። አርባ አራት ዓመት አንድ ቤት ኖረን ልንለያይ! ምን ላድርግ፣ ሰው ሳይለመን አማቹ ቤት አይገባም። ይለምነኝ ይሆናል ብዬ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተስፋ ሳደርግ አደርኩ።

1:10፣ ሐረጎ

መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጉሙ ከኋላችን ቀርቷል። ዘሃራን ሙሽራ ሆና ከኮምቦልቻ ማዶ ካለችው ከደጋን ያመጣኋት በዚሁ መንገድ፣ በጭነት መኪና ነው። እዚህ ዳገት ላይ አስመልሳ አዲሱን ኮቴን አበላሽታው ነበር። ይህንን ባስታውሳት ያስመለስከው አንተ ነህ ብላ ካደች። ሹፌሩ በመስታወት አየንና ሳቀ።

ትንሽ ወረድ እንዳልን «ትንፋሼ ቀለለኝ» አለች። ደስ አለኝ። ከፋኝም። ደሴ ለካ ይህን ያህል ስታፍናት ኖራለች።

2:00፣ ኮምቦልቻ

ሙቀት። የክምር ፓፓያ ሽታ። መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ የፋብሪካ ልጆች፣ ግማሹ ገቢ፣ ግማሹ ወጪ። የፋጡማ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሎ ለእናቷ አልጋ ተዘርግቷል። አልጋው ለአንድ ሰው ሰፊ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሰይድ ለምሳ መጣ። እንግዲህ ወጋችን የታወቀ ነው፤ ሲጋብዙህ «አይ» ትላለህ፣ ሲደግሙህ «ኧረ ግዴለም»፣ በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብለህ ትቀርባለህ። ምሳውንም የበላሁት እንደዚያ ነው፤ ልጁ ወላሂ እያለ፣ በሞቴ እያለ አበላኝ። እጃችንን ስንታጠብ ነገሩ መጣ።

«አባባ፣ እርስዎስ ለምን እዚሁ ከእኛ ጋር አይሆኑም?»

«ኧረ የቀበሌውን ቤት ለማን ጥዬ?» አልኩት።

ሁለተኛውን ጠበቅሁ።

«እሱስ ልክ ነዎት፣ ቤት ተዘግቶ አይሆንም» አለና ፎጣ አቀበለኝ።

እስከ አስር ሰዓት ድረስ ጠበቅሁ። የኮምቦልቻ ሙቀት ለጉልበት ጥሩ ነው አልኩ። ጥሩ ነው፣ እማማም ይሻላቸዋል አለ። የደሴ ብርድ ሰሞኑን በርትቷል አልኩ። ወፍራም ልብስ ይልበሱ አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቃሌን አመነኝ። ሽማግሌ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ብሎ ይሆናል።

10:15፣ በሩ ላይ

ዘሃራ ልትሸኘኝ ወጣች። በእጇ ፌስታል ይዛለች፤ ጋቢዬ፣ የሌሊት ልብሴ፣ የመስጊድ ኮፍያዬ።

«ትቀራለህ ብዬ ከእኔ ልብስ ጋር ሸክፌው ነበር» አለች።

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልኳት።

«አንተ በአፍህ እምቢ ካልክ በኋላ እኔ አማቼን ምን ብዬ ልለምንልህ? እሺ ብትል ምን ነበረበት?»

አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኳት። ፌስታሉን ተቀበልኳት፤ እጇ ሞቆ ነበር፣ ደሴ ሳለች እንዲህ ሞቆ አያውቅም። በሰላም ያግባህ ብላኝ ቀድማኝ ፊቷን አዞረች።

11:40፣ ደሴ

ዳገቱ ላይ ጋቢውን ደርቤ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ በርዶኝ መስሏት መስኮቱን ዘጋችልኝ። አላህ ይስጥሽ አልኳት።

ሰፈር ስደርስ ካፊያ ነው። ጎረቤቴ እንድሪስ በሩ ላይ ቆሟል። ዘሃራ እንዴት ዋለች አለ፤ ትንፋሿ እንደቀለላት ነገርኩት። የኔን ቤት ቁልፍ ሳወጣ እንደ ወጉ ጠራኝ።

«ና እንጂ፣ ራት እኛ ጋ...»

«እሺ» አልኩት፣ ሳይጨርስ።

እንድሪስ አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ለሚስቱ ሊነግራት ቀድሞኝ ገባ።