ሸለቆ ተሻጋሪው ጠመንጃ

ዴልበርት ሃውገን አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት የመንገድ ግሬደር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ክረምት በረዶ ሲገፋ፣ በጋ ጠጠር ሲደለድል ዕድሜው አለፈ። ስለ ሥራው ብትጠይቁት ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ስለ አጋዘን አደን የጠየቃችሁት እንደሆነ ግን ወንበር ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ አንድም የአደን ወቅት አምልጦት አያውቅም። ሠርጉን በአደን ወቅት መሀል የቆረጡበትን የሚስቱን ዘመዶች እስካሁን ይቅር አላላቸውም።

"አጋዘን ከጫካ በሚወጣበት ሳምንት ማን ያገባል?" ይላል።

"አንተ" ትለዋለች ሚስቱ ሎርና፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ነገር የተበላሸው ጉልበቶቹ ሲያልቁ ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን እያየ፣ ተራራ መውጣት እንዲተው ነገረው። ዴልበርት እንዳልሰማ ሆኖ በዚያው ዓመት ወጣ፤ ግማሽ ዳገት ላይ ሲደርስ ግን እግሩ አልንቀሳቀስ አለው፤ ቁጭ አለ። አጋዘኑን ሎርና ገደለች፣ ሎርና በለተች፣ ሎርና ተሸከመች። እሱ ፔርሙዝ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ድምፁ አልተሰማም። ያኮረፈ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ፈርቶ ነው። አዳኝ ካልሆነ ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከተኛበት ሶፋ ብድግ ብሎ "እግሬ ካልደረሰ ጥይቴ ይድረሳ!" አለ።

ይህን ብሎ የሄደው ጎረቤቱ ዌንደል ዘንድ ነው። ዌንደል ጋራዡ ውስጥ ጠመንጃ የሚሠራ፣ ወሬ የማይወድ፣ ብረት ሲቆርጥ ብቻ ፊቱ የሚፈታ ሰው ነው። ሁለቱ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ተዘጉ። አፈሙዙ ረዘመ፣ ወፈረ። ምላጩ በትንፋሽ የሚሳብ እስኪመስል ተሞረደ። የሰደፉን እንጨት ዌንደል ይልጋል፣ ዴልበርት ጉንጩን ያስጠጋል፣ "ትንሽ ቀረው" ይላል፣ እንደገና ይላጋል። ጉንጩ ባረፈ ቁጥር ዓይኑ በቀጥታ የማነጣጠሪያው መነጽር መሀል ላይ እስኪያርፍ ድረስ እንዲህ ቀጠሉ። ጥይቱን ደግሞ ዴልበርት ራሱ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እየሞላ፣ ባሩዱን እንደ ወርቅ ይመዝናል። ያን ጊዜ ለሎርና ማስነጠስ ክልክል ነው።

በጋ ሲሆን የዌንደል ግጦሽ ላይ የብረት ሰሌዳ ሰቀሉ። ስድስት መቶ ያርድ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ። ዴልበርት በሆዱ ተኝቶ ሲተኩስ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ ከሩቅ፣ ብረቱ ሲመታ ይሰማል። እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። ለራሱም ሕግ አወጣ፤ ነፋስ ካለ አይተኮስም። አቁስሎ ከመልቀቅ ባዶ እጅን መመለስ ይሻላል ብሎ ያምናል።

"ይኼ ጠመንጃ ሸለቆ ይሻገራል" አለ ዌንደል በመጨረሻ፣ በዓመት አንዴ ከሚናገራቸው ረጅም ንግግሮች አንዱን ሲናገር።

የአደኑ ወቅት ሲከፈት ባልና ሚስት ፒክአፓቸውን ሸለቆው አፋፍ አጠገብ አቆሙ። ሜዳው ላይ ጥቂት ተራምደው ዴልበርት በሆዱ ተኛ፤ ሎርና አቅራቢ መነጽሩን በሦስት እግሩ አቁማ ከጎኑ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆዩ ከማዶው የጥድ ጫካ አንድ ወንድ አጋዘን ወጣ። ቀንዱ የተንሰራፋ፣ አንገቱ ወፍራም።

"ስድስት መቶ አሥራ ሁለት" አለች ሎርና፣ በርቀት መለኪያው እያየች። "ሣሩ አይንቀሳቀስም።"

ዴልበርት የጠመንጃውን መነጽር ቁልፍ ለርቀቱ አዞረ። ተነፈሰ። ተኮሰ።

"ወደቀ! ዴል፣ እዚያው ወደቀ!"

ተቃቀፉ። ዴልበርት ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ። ቆቡን ለማንሳት ጎንበስ ሲል ነው ሸለቆውን ያየው፤ ቁልቁለቱን፣ ከታች ወንዙን፣ ከማዶ ዳገቱን። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"ሎርና" አለ፣ "ማነው የሚያመጣው?"

ክረምትና በጋ ሙሉ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ሥጋ ጥሎ መሄድ እዚያ አገር ሕጉም ሰዉም ይቅር የማይለው ነውር ነው።

"እኔ ከመጀመሪያው አስቤው ነበር" አለች ሎርና።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እንዲያ ስትስቅ ማን አፍ አለው?"

ቦርሳዋን አዝላ ወረደች። ዴልበርት እያፈረ በአቅራቢ መነጽሩ ይከታተላት ጀመር። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶባት ደረሰች። የአጋዘኑን አንገት ዳበሰች። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሳንድዊች አወጣች።

ቆየ። ሳንድዊቹ አለቀ። ቢላዋ የለም፣ ሥራ የለም። ዴልበርት ቆቡን እያውለበለበ በእጁ የመቁረጥ ምልክት አሳያት። እሷ አጠገቧ ያለውን ድንጋይ መታ መታ አደረገችለት።

ገባው። በእነሱ ቤት የመጀመሪያውን ቢላዋ የሚያሳርፈው የገደለው ነው፤ በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ይህ ተጥሶ አያውቅም።

"አንቺ ደረቅ ሴትዮ!" ብሎ ጮኸ። ሸለቆው መልሶ ለራሱ አሰማው።

ጠመንጃውን አራግፎ መኪናው ውስጥ ቆለፈበት፤ ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ ዱላ ይዞ ጀመረ። ቁልቁለቱን የወረደው በመቀመጫው ነው። ሱሪው ተቀደደ። ወንዙ ውስጥ አንዴ ወደቀ፤ ለዌንደል፣ ለሐኪሙና ለእግዜር እኩል አደላድሎ ስድቡን አወረደ። ዳገቱን ቁጥቋጦ እየጨበጠ፣ አሥር እርምጃ እየሄደ አምስት ደቂቃ እያረፈ ወጣው። ቀኑ ብርድ መሆኑ በጀ እንጂ ሥጋው አይቆይም ነበር። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀበት።

ሲደርስ በጀርባው ተዘረረ።

"ሳንድዊችህን በልቼዋለሁ" አለችው።

"መንገድ ላይ ብሞትስ?"

"ለአንተ የአደን ፈቃድ የለኝም፤ አጋዘኑን ብቻ ይዤ እመለስ ነበር።"

ሊስቅ ፈልጎ እንባው መጣ። አልደበቀውም። ጉልበቶቹ እሳት ሆነዋል፤ እሱ ግን ማዶ ነው፣ በእግሩ የመጣ።

"ባልመጣስ ምን ልታደርጊ ነበር?" አላት ሲረጋጋ።

"አምና ዳገቱ ላይ ቁጭ ስትል ትቼህ ሄድኩ" አለች። "ስመለስ ፊትህን አየሁት። ዘንድሮ ከአንተ በፊት ቢላዋ ላነሳ አልቻልኩም።"

ቢላዋውን ከአፎቱ አውጥታ በእጀታው በኩል ሰጠችው። ዴልበርት መንበርከክ ስለማይችል በጎኑ ተኛ፤ እሷ የአጋዘኑን እግር ያዘችለት፤ እሱም ሥራውን ጀመረ።