ለሚስ ዶሮቲ፣ እጅዎን ተሻለዎት?

ልጅ እያለሁ ሳሎናችን ውስጥ፣ ሌላው ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ቆሞ ነበር። አባቴ ለዓመታት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ከኖረበት የሆቴል ሥራ ወጥቶ የገዛው ነው። አጠገቡ የተደረደሩት የሳሙና ጋሎኖች ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ። ዛሬም የሎሚ ሳሙና በሸተተኝ ቁጥር ያ አትላንታ ውስጥ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ የነበረው ጠባብ አፓርታማችንና ያ ደንበኛ ያጣ ማሽን ትዝ ይለኛል።

ደንበኛ ማጣቱ ቀልድ አልነበረም። የምንኖረው እናቴ ከሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል በምታመጣው ደሞዝ ብቻ ነበር። ሚኒሶታ ያለው አጎቴ ደግሞ እሱ ዘንድ የፋብሪካ ሥራ እንደ ልብ እንደሆነ እየነገረ፣ ኑ እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። በመጨረሻ እናቴና አባቴ ተመካከሩና የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ ምንጣፉን የሚያሳጥብ አንድ ኦፊስ እንኳ ካልተገኘ ማሽኑ ይሸጥና ሚኒሶታ እንገባለን አሉ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር በሁለት ገመድ መዝለል የቻልኩት ገና በዚያ ዓመት ነው፤ ይህን ሁሉ ትቶ በረዶ አገር መሄድ ለእኔ የዓለም መጨረሻ ነበር።

ስለዚህ ለኦፊሶች ደብዳቤ መጻፍ ጀመርን። ከቤታችን እንግሊዝኛን እንደ ውሃ የምጠጣው እኔ ስለነበርኩ ጸሐፊዋ እኔው ሆንኩ። የንግድ ደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርት ቤት ተምረናል። አስተማሪያችን እንዳሳየችን፣ ሰላምታው ቦታ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አሳምሬ ላይብረሪ ባለው ኮምፒውተር ጻፍኩ። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። አባቴ ግን ምን እንደሚል ስተረጉምለት ፊቱ ቅጭም አለ። ኮምቦልቻ ሳለ እንዲህ የሚል ወረቀት የሚያውቀው ከቀበሌ ማህተም ጋር ነው። ሆኖም እንዲህ ነው የሚጻፈው ብዬ ድርቅ ስልበት እሺ አለኝ፤ ምላሳችን እስኪደርቅ ቴምብር እየላስን ደንዉዲ በሚባለው ሰፈር ላሉት ኦፊሶች ላክን።

መልስ የሚባል ነገር አልመጣም። የስልክ መልእክት የሚቀዳውን አንሰሪንግ ማሽን በከፈትን ቁጥር የሚሰማው የአጎቴ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ አባቴ የተረፈውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያየው ቆየና፣

«ይህን ሁሉ ፖስታ ላክን እንጂ፣ አንድ ሰው እንኳ ሰላም አላልንም» አለ።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። የሰውን ጤና፣ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ የሰነበተውን ዝናብ ሳይቀር ሳይጠይቅ ጉዳይ አይነካም። ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጣ ከሰው ጋር ሰላም እስኪባባል እኔና እናቴ መኪና ውስጥ ገብተን፣ ቀበቶ አስረን፣ አንድ እንቅልፍ እንተኛለን። እንግዲህ በእሱ ቤት ለደብዳቤ የሚስማማው ሰላምታ «እንደምን ሰነበቱ» ነው። ነገር ግን አይተውት የማያውቁትን ሰው እንደምን ሰነበቱ ማለት ውሸት ይሆንበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሄደን እንተዋወቃለን፣ ከዚያ እንጽፋለን አለ። እናቴ በሰላምታ ነዳጅ አይሞላም ብላ አሾፈችበት፤ ቢሆንም ሸሚዙን የተኮሰችለት እሷው ናት።

ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት የፀደይ እረፍት ሲዘጋ አባቴ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ደንዉዲ ወረደ። አንዳንዱ ጋ ጥበቃው ከበር መለሰን፣ አንዳንዱ ጋ ቀና ብሎም ያየን የለም። በኋላ አንድ የኢንሹራንስ ኦፊስ ገባን። መነጽር ያደረጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ማኔጀር ቀኝ እጃቸው በጄሶ ታስሮ በግራቸው ብቻ ይተይባሉ። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው እጃቸውን ምን እንዳገኘው ጠየቀ። አበባ ሲያጠጡ ከደረጃ ወድቀው ነው። አላህ ያሽርዎት በይልኝ አለኝ፤ ተረጎምኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን ስማቸውን በዓይኑ አነበበና ተሰናብቶ ወጣ።

አሮጌው ቫናችን ውስጥ ስንገባ በንዴት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ስለ ምንጣፉ አንዲት ቃል አልተናገረማ።

«አብሽሪ» አለኝ ቁልፉን እያዞረ። «ዛሬ ተዋውቀናል። ጉዳዩን በደብዳቤ እንነግራቸዋለን።»

ደብዳቤው ላይ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሣ። የሴትየዋ ስም ዶሮቲ ሆሊስ ነው። እኔ በተማርኩት መሠረት «ውድ ሚስስ ሆሊስ» ብዬ ጀመርኩ። አባቴ ሆሊስ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የባላቸው ቤተሰብ ስም ነው ስለው ሳቀብኝ። እጃቸው የተሰበረው እሳቸው፣ ሰላም የምንለው አማታቸውን! በእኛ ወግ ወይዘሮም ሆነ አቶ የሚቀድመው የሰውየውን የራሱን ስም ነው። እሱ ደግሞ ለሴት ሁሉ የሚያውቀው «ሚስ» የሚለውን ብቻ ስለሆነ «ሚስ ዶሮቲ» በይ አለኝ። ሚስ ላላገባች ሴት ነው፣ ይህን አስተማሪዬ ብታየው በቀይ ትሰርዘዋለች፣ ሰዎቹም ይስቁብናል ብዬ ተንጨረጨርኩ። እናቴ ፈረደች፤ ደብዳቤው የአባትሽ ነው፣ እሱ እንዳለሽ ጻፊ። ጻፍኩ። «ውድ ሚስ ዶሮቲ፣ እንደምን ሰነበቱ? እጅዎን ተሻለዎት? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን።» እያለ ይወርድና ምንጣፍ እንደምናጥብ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው።

የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ተቃርቦ እናቴ ለሚኒሶታው ጉዞ ባዶ ካርቶን መሰብሰብ ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ስልክ ጮኸ፤ አነሣሁ። ዝግ ያለ፣ ቃሉን የሚጎትት የጆርጂያ አነጋገር ነው።

«ለአባትሽ ሚስ ዶሮቲ ደውላለች በይው» አሉ። «እጄን ተሽሎኛል። ጄሶው ወጥቶልኛል።»

ከዚያ ወሬያቸውን ቀጠሉ። የተወለዱት ደቡብ ጆርጂያ፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ የሚወደዱና የሚከበሩ ሴቶች የሚጠሩት እንዲህ ነው፣ ሚስ ተብለው በራሳቸው ስም። አትላንታ ከገቡ ወዲህ ግን ሚስስ ሆሊስ ሆነው ቀሩ፤ ሚስ ዶሮቲ ብሎ የጻፈላቸው ሰው የለም። ደብዳቤውን ለእህታቸው በስልክ አንብበውላታል። በመጨረሻ አባቴ መቼ መጥቶ ምንጣፉን ማየት እንደሚችል ጠየቁ።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አባቴ ከኋላዬ ቆሟል።

«እጃቸውን ተሻላቸው?» አለኝ።

ስለ ምንጣፉ የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ካርቶኖቹን አጣጥፋ ስታወጣ ያየሁት ደስታ ልዩ ነበር፤ ከሁሉ የበለጠው ግን በአባቴ የተሰማኝ ኩራት ነው። በማግስቱ ገመድ ስንዘልል ለልጆቹ ሁሉ፣ የማይገባቸውን ጭምር፣ አባቴ ደብዳቤ ሲጽፍ ማንም አያህለውም እያልኩ አወራሁ።

ዛሬ ከዚያ ማሽን የተነሣውን ኩባንያ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ የሰውን ስም ራሱ እየሰካ፣ «ሃይ» እያለ፣ ለፈለግነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይልካል። ወጣቶቹ ሠራተኞቼ ሥራ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ሰላምታው ላይ ግን ይቸኩላሉ። እኔም እቸኩላለሁ። ቢሆንም አዲስ ኦፊስ ስንጠይቅ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሄጄ ሳልተዋወቅ አልጽፍም። አባቴ አርብ አርብ ከስግደት በኋላ ከሚኖርበት ከስኔልቪል ይመጣና ጠረጴዛዬ አጠገብ ይቀመጣል። ስለ ገቢው አይጠይቀኝም። ሰላም ብለሻቸዋል ወይ ይለኛል።

ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ በፍሬም የገባ ደብዳቤ አለ፤ ሚስ ዶሮቲ ለአባቴ በእጃቸው የጻፉት። «ውድ ሚስተር ሁሴን» ብሎ በአባቴ በራሱ ስም ይጀምራል። እንደምን ሰነበቱ ይላል። የእናቴን ጉልበት፣ የእኔን ኮሌጅ፣ ያን አሮጌ ቫን ሳይቀር እየጠየቀ ገጹን ይሞላዋል። ጡረታ መውጣታቸውን የነገሩን መጨረሻ ላይ፣ በአንድ መስመር ነው።