ለፍየል የማይጠፋው ቦታ

ልጅ እያለሁ በአሰበ ተፈሪ «ሞልቷል» ማለት የማያውቅ ሹፌር አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ጀማል። የጫት መኪናው ከመሰላ ስትመጣ የእርጥብ ጫት ሽታዋ ይቀድማት ነበር። በእስሮቹ ላይ ገበያተኛው፣ ዶሮው፣ አንዳንዴም ፍየሉ ተደራርቦ ይመጣል። መንገድ ዳር እጁን የዘረጋ ሰው ካየ «ቦታ አለ!» ብሎ ሳያቆም አያልፍም። ታላቅ ወንድሜ ነስሩ የመኪናዋ ጫኝ ስለነበር እኔ በሰፈር ልጆች ላይ እኮራ ነበር።

የሶማሌ ጦርነት ሲመጣ ሁለቱም ሚሊሺያ ሆነው ዘመቱ። ለጋሽ ጀማል የጦር ካሚዮን ሰጡት። ከወራት በኋላ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ከተማ ገባ፤ መትረየስ እየተተኮሰበት፣ የፊት መስታወቱ ረግፎ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ቁስለኛ አውጥቷል ተባለ። ነስሩ ግን አልተመለሰም።

ጋሽ ጀማል ለፈቃድ በመጣ ማግስት ቤታችን መጥቶ በራፉ ላይ ቁጢጥ አለ። እናቴ ግባም አላለችው። ነስሩን አይቶት እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው።

«አይቼዋለሁ፣ አዴ» አላት። «እግሩን ተመትቶ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ነው፤ መኪናው ሞልቶ ቁስለኛ በቁስለኛ ላይ ተኝቷል። ስመለስ እወስድሃለሁ አልኩት። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ።»



«አንተ እኮ ለፍየል እንኳ ቦታ አጥተህ አታውቅም» አለችው።

ተነስቶ ሄደ።

በሳምንቱ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ሜዳሊያ ተሸለመ። አበባ እንዲያበረክት የተመረጠው ተማሪ እኔ ነበርኩ። መድረክ ላይ የወጡት ሁሉ ስለ ሦስቱ ምልልስ ሲያወሩ አረፈዱ፤ አራተኛውን ሲጠብቅ ስለቀረው ሰው ያነሳ አልነበረም። ተራዬ ሲደርስ ጋሽ ጀማል ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። አልፌው ሄጄ አበባውን ከጎኑ ለቆመው ካድሬ ሰጠሁት። ሕዝቡ ልጅ ተሳሳተ ብሎ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ማታ ትመርቀኛለች ብዬ ለእናቴ ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና ድንች መላጧን ቀጠለች።

ጦርነቱ አብቅቶ ወደ ጫት መኪናው ከተመለሰ ወዲህ ጋሽ ጀማል ጫት እንጂ ሰው አልጫነም። እጃቸውን ዘርግተው የቆሙትን አቧራ እያለበሰ ያልፋል። ሜዳሊያው ልቡን አሳበጠው እያለ ከተማው አማው። እኔም አብሬ አማሁት፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናቴ እሱን ሰላም ሳትል ነው የሞተችው። በእኛ ዘንድ ጀናዛ የሚሸከም ሰው ጥቂት ተራምዶ ለሌላው ያቀብላል፤ አጅሩ፣ የአላህ ምንዳው፣ ለሁሉም እንዲደርስ። ጋሽ ጀማል ከደጃችን ጀምሮ የቃሬዛዋን የፊት እንጨት ይዞ አለቅም አለ። አርጅቷል። ወጣቶቹ ቢለምኑት አልሰማቸውም። በመጨረሻ እኔ ጠጋ ብዬ ለእኔ ይስጡኝ አልኩት።

«ተወኝ፣ ልጄ» አለኝ። «እሷን እንኳ ላድርስ።»

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ፈልጌ ቃሉ አልወጣልኝም። እስከ መቃብሩ ድረስ ከጎኑ ሄድኩ።

አሁን ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ባጃጅ ሞልቷታል። ልጆቹ «ቦታ አለ፣ አንድ ሰው!» እያሉ ይጣራሉ። ያኔ ይህን ስሰማ ሮጬ እሳፈር ነበር። ዛሬ ስሰማው ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን የዘረጋልኝ ሰው ይታየኛል፤ እኔም አበባዬን ይዤ አልፈዋለሁ።