ኔሊዳ ከወንዙ ዳር ስትጣራ

ቴኦፊሎ በማራኞን ወንዝ ላይ የመንግሥት መድኃኒት በጀልባ ሲያመላለስ ነው ያረጀው። የእባብ መርዝ ማርከሻ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፤ በእሱ መንደር ደግሞ መብራት ስለሌለ ማቀዝቀዣ የለም። ስለዚህ ማርከሻው በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ሁልጊዜ ደጁን አልፎ ወደ ላይኛው ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት በመንደሩ ሲያልፍ ሚስቱ ኔሊዳ ከዳር ቆማ መሐረቧን ስታውለበልብ አያት። የሞተሩ ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው።

“አይ ይቺ ሴትዮ! ዛሬ ደግሞ ምን ተገኝቶ ነው?” ብሎ ሳቀና እጁን አወዛውዞላት አለፈ።

የበረዶ ሣጥኑን አስረክቦ ሲመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የመጨረሻ ልጃቸው ዶሪስ ካሳቫ ስትነቅል እባብ ነድፏት ሞታለች።

“ስጠራህ አላየኸኝም?” አለችው ኔሊዳ።

“አይቼሻለሁ። ሰላም ያልሽኝ መስሎኝ።”

“መድኃኒቱስ?”

“እግሬ ሥር ነበር።”



ከቀብሩ በኋላ ቴኦፊሎ ሥራውን ሊተው ተነሣ።

“ሌላ ነጂ የላቸውም” አለችው እንባዋን እየጠረገች። “የላይኞቹ ልጆች ምን በደሉ?”

እሺ ብሎ ተመለሰ። በመንደሩ ባለፈ ቁጥር ግን ወደዚያ ዳር ቀና ብሎ ማየት አቃተው።