አቴንስ ኮረብታ ላይ ስሜ ተጠራ

«ታምራት ከጆሃንስበርግ፣ ዳገቱ አደከመህ እንዴ?»

ዛሬ ከሰዓት እንዲህ ያለችኝ አስጎብኚ ናት። እሷ አቴንስ፣ ኮረብታ ላይ። እኔ ጆሃንስበርግ አጠገብ ጻካኔ፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቄ ውስጥ፣ ስልኬን ዘይት ጠርሙስ ላይ አስደግፌ ከመሸጫው የብረት ፍርግርግ ጀርባ።

ሊንኩን የላከልኝ የቤተክርስቲያን ወዳጄ ነው። በስልክ በቀጥታ የሚታይ የእግር ጉብኝት። ስገባ ስሜንና ከተማዬን ጻፍኩ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ስለዋልኩ እኔም እንደተጓዝኩ ይቆጠርልኝ።

አስጎብኚዋ ዳገቱን እየወጣች የጥንት ግሪኮች ስለሠሩት አንድ ማሽን አወራች። ሳንቲም ሲገባበት ውሃ ይቀዳል፤ ሻጭ የለውም።

ሳቄ መጣ። እኔስ ምንድን ነኝ? ሳንቲም በፍርግርጉ ይገባል፣ ዳቦ ይወጣል። ማሽኑን ግን ወገቡን አያመውም።

ስሜን የጠራችው ይሄኔ ነው። ጎጎ ከውጭ ሰሙ። በየቀኑ ዳቦ የሚገዙኝ አሮጊት ናቸው፤ «ጎጎ» እዚህ አገር አያት ማለት ነው።

«ታምራት ማለት አንተ ነህ?» አሉኝ ገርሟቸው።

እዚህ ሰፈር ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚባለው። እሳቸውም ስንት ዓመት እንደዚያ ሲሉኝ ኖረዋል። እኔም ብሆን «ጎጎ» ከማለት በቀር ስማቸውን አላውቅም።

ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አንዱ ከኋላቸው ፍርግርጉን በሳንቲም አንኳኳ።

«ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!»

ዳቦውን ሰጥቼ ስዞር ጎጎ ሄደዋል። ኔትወርኩም ተቋርጧል።

እናንተ ባለሱቆች፣ በስማችሁ የሚጠራችሁ ደንበኛ አላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ። «ማይ ፍሬንድ» አይቆጠርም።

ለአስጎብኚዋም ሳልመልስላት ቀረሁ። አዎ እህቴ፣ ደክሞኛል። ዳገቱ ግን አይደለም።