ማርሻችን ተበላሽቷል

ደብረ ታቦር ሳስተምር መኪና መንዳት አልችልም ነበር፤ ዛሬም አልችልም። መኪና እንዴት እንደሚሄድ ማስረዳት ግን እችል ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀኝም አስረዳ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ነጩን ጠመኔ በቀኝ ኪሴ፣ ባለቀለሙን በግራ ኪሴ የምይዝ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ካልተብራራ ያልተነገረ የሚመስለኝ ወጣት ነበርኩ።

የአውራጃው ትምህርት መሥሪያ ቤታችን አንዲት አሮጌ የመስክ መኪና ነበረችው። የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎችን ለማየት ወደ ገሳይ የምንሄደው፣ መንገዱ እስካለ ድረስም ወደ ጉና ተራራ የምንጠጋው በእሷ ነበር። ሾፌሩ ጎረቤቴ ነበሩ። እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር በትልቁ ቤት፣ እኔ በጎን ባለችው ክፍል አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። እራት አብዛኛውን ጊዜ የምበላው እነሱ ዘንድ ነው። ከገበያው በስተጀርባ የራሳቸውን ቤት እየሠሩ ነበር፤ ግድግዳው ተመርጎ አልቋል፣ የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የመኪናዋ አንደኛ ማርሽ አልይዝ አለ። መኪና ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሞተር ጉልበቱን ለጎማ የሚያቀብለው እርስ በርስ በሚነካከሱ ጥርሳም ብረቶች ነው፤ ማርሽ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንደኛው ማርሽ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ጉልበተኛ ነው። መኪና ከቆመችበት የምትነሣው፣ ቀጥ ያለ ዳገትም የምትወጣው በእሱ ነው። ይህን ትምህርት መጀመሪያ የሰጠሁት መኪናዋን ጭቃ ውስጥ ለሚገፉ የሥራ ባልደረቦቼ ነበር። አንዱ ቀና ብሎ፣ «እየገፋህ ብታስረዳንስ?» አለኝ።

ሾፌሩ መኪናዋን ማታ ማታ ከቁልቁለት አናት ላይ ማሳደር ጀመሩ። ጠዋት ፍሬኗን ይለቋታል፣ ትንከባለላለች፣ በሁለተኛ ማርሽ ትነሣለች። ወደ ታች መሄድ ስንፈልግ ችግር አልነበረብንም። ችግሩ መመለሱ ላይ ነበር።

አለቃችን ይህን ለጥቂት ሳምንታት ታገሡና አንድ ቀን ሾፌሩን ጠርተው ቁርጡን ነገሯቸው። ለሠራተኞች ቀን በዓል መኪናዋ ከሰልፉ ኋላ መፈክር ይዛ ዳገቱን ወደ ሜዳው ካልወጣች፣ ጋራዥ ላለው ለሌላ አውራጃ ትሰጣለች። መኪና ሲዛወር ደግሞ ሾፌሩም አብሮ ይዛወራል። ሾፌሩ ያን ዕለት እራት ላይ ብዙም አልበሉም። «ጣራ የሌለው ቤት ጥዬ ልሄድ ነው» አሉ። ባለቤታቸው የአንበሳሜ ልጅ ናቸው፣ ገበያ ያሳደጋቸው። «አንቱ ይሂዱ እንጂ እኔ ከዚህ ወዲያ አልሄድም» አሏቸው። እንደ ቀልድ ተናግረውት ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም።

በማግሥቱ ሾፌሩ ካምቢዮውን፣ ማርሾቹ የሚኖሩበትን ሳጥን፣ ፈቱት። እኔ ጆንያ ዘርግቼ፣ የሚወጣውን እያንዳንዱን ብረት በአወጣጡ ተራ አስቀመጥኩ፤ በየአንዳንዱም ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩበት።

«ክርስትናም አንሣቸው እንጂ» አሉኝ።

አንደኛው ማርሽ ሲወጣ ጥርሶቹ እንደ አሮጌ በሬ ጥርስ አልቀው አየን። መለዋወጫ የሚገኘው ጎንደር፣ ከበላይ መሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ስለዚህ ቴሌግራም ይላክ ተባለ። የሚጽፈውም፣ መቼም የታወቀ ነው፣ እኔ ነኝ።

ሾፌሩ እንዲህ ሲሉ አስጻፉኝ፦ «የመስክ መኪናችን አንደኛ ማርሽ ጥርሱ አልቋልና፣ እባካችሁ ከበዓሉ በፊት አዲስ ማርሽ ይላክልን፣ አለዚያ መኪናዋም እኔም መሄዳችን ነው።»

«ጋሼ፣ ቴሌግራም እንዲህ አይጻፍም» አልኳቸው። «ማርሽ ከተባለ መኪና እንዳለ የታወቀ ነው። ጥርሱ አለቀ ማለት ተበላሸ ማለት ነው። እባካችሁ የሚለው አያስፈልግም፣ መንግሥት አይለመንም። የእኛ መሆኑን ደግሞ ‹ማርሻችን› ሲባል መጨረሻ ላይ ያለችው ‹ችን› ትናገራለች።»

«ይቺ ‹ችን› ይህን ሁሉ ትችላለች?»

«ትችላለች።»

ቴሌግራሙ እንዲህ ሆኖ ሄደ፦ «ማርሻችን ተበላሽቷል። ከበዓሉ በፊት ይላክልን።» በጣም ስለኮራሁበት በዚያው ቀን ስምንተኛ ክፍል ገብቼ የአጭርና ግልጽ ጽሑፍ ምሳሌ አድርጌ በሰሌዳ ጻፍኩት።

መልሱ ከጠበቅነው ፈጠነ። ከጎንደር በሚመጣው አውቶቡስ እንደሚደርስ ተነገረንና ሾፌሩና እኔ ልንቀበል ወረድን። ሾፌሩ ማርሹን የሚጠቀልሉበት ንጹሕ ጨርቅ ይዘዋል። ከአውቶቡሱ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰውዬ ወረደ።

«ማርሻችሁ ተበላሽቷል ተብዬ ነው» አለ።

«እሰየው» አሉ ሾፌሩ። «ዕቃው የታለ?»

ሰውዬው ወደ አውቶቡሱ ጣራ አመለከተ። ረዳቱ በጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ ከበሮ አወረደልን። ሾፌሩ ከበሮውን ዞረው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይህ ስንተኛው ማርሽ ነው?» አሉኝ።

ማርሽ የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛውን ቀደም ብዬ አስረድቻለሁ። ሁለተኛው ሰልፈኛ በከበሮ እየተመራ የሚረግጠው ምት ነው። በዓል በደረሰበት ሰሞን «ማርሻችን ተበላሽቷል» የሚል ቴሌግራም ያነበበ ሰው የትኛውን ፍቺ እንደሚወስድ ዛሬ ለማንም በደንብ ማስረዳት እችላለሁ።

ሰውዬው የሰልፍ አሠልጣኝ ነበር፤ ተሳስተናልና ይመለሱ ማለት አልተቻለም። ማርሽ አያስፈልገንም ማለት በዓሉ አያስፈልገንም ከማለት እምብዛም የማይርቅበት ዘመን ነበር። ይልቁንም በማግሥቱ ተማሪውም መምህሩም ለልምምድ ሜዳ ወጣ። ያን ዕለት እራት ላይ የሾፌሩ ባለቤት ወጡን እያወጡልኝ፣ «ለወትሮው አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ነው የምትለው» አሉኝ። «ቁጥብነት የያዘህ ቴሌግራም ስትጽፍ ነው?»

 

በልምምዱ ሌላ ነገር ታወቀ። አሠልጣኙ ከበሮውን አስቁሞ ወደ እኔ መጣ። «መምህር፣ ቀኝ እግርዎና ቀኝ እጅዎ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት» አለኝ።

የሰው አካል ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ እጅና እግር ለምን በተቃራኒ እንደሚንቀሳቀሱ አስረዳሁት። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ገባኝ» አለ። «አሁን ይርገጡ።»

ረገጥኩ። ቀኝ ከቀኝ ጋር ሄደ። ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ «ግመል» ሲል ሰማሁ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ለጊዜው ግን እውነት ስለሆነ ተውኩት። አሠልጣኙ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ጥግ አቆመኝ።

ሾፌሩ በዚያ ሳምንት አያናግሩኝም ነበር። አለቃችን ሁለተኛ ቴሌግራም መላክ አልፈለጉም፤ አንዱ ከበሮ አምጥቷል፣ ሁለተኛው ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል። በመጨረሻ ሾፌሩ ራሳቸው፣ ያለቀውን ማርሽ በዚያ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሜዳው መጡና በአሠልጣኙ መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«እኛ ያልነው ማርሽ ይህ ነበር» አሉት።

አሠልጣኙ ብረቱን አገላብጦ አየ። «ታዲያ ይህን አስቀድማችሁ አትነግሩኝም?»

«ነግረን ነበር። በ‹ችን› ነው የነገርነው» አሉ ሾፌሩ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

አሠልጣኙ ሳቀ። እሱ የሚሠራበትን የማርሽ ባንድ አውቶቡስ የሚጠግን ሰው ጎንደር እንደሚያውቅ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱንም ያ ሰው እንደሚያውቀው ነገረን። ጠዋት ያለቀውን ማርሽ፣ ለዚያ ሰው እንዲያደርስለት፣ ለጎንደሩ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠው። እኔ የማርሹን ዓይነት የሚያብራራ ማስታወሻ አብሮ ይሂድ ብዬ ወረቀት ሳወጣ፣ ሾፌሩ እጄን ያዙኝ። «ዕቃው ራሱ ይናገር» አሉ።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀር አዲሱ ማርሽ በዚያው ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። ሾፌሩ ከመኪናዋ ሥር ገቡ። እኔ ጆንያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲፈቱ ያሾፉባቸውን ቁጥሮች አሁን እየጠሩ እጃቸውን ይዘረጉ ጀመር፤ እኔም ከመጨረሻው ቁጥር ተነሥቼ በተራ አቀብላለሁ። ምንም አላብራራሁም። ሁላችሁም አንባቢዎቼ ይህ ምን ያህል እንደከበደኝ የምትረዱልኝ ይመስለኛል።

ከመኪናዋ ሥር ድምፅ መጣ። «አሥራ አንድ የት አለ?»

ጆንያው ላይ ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ ያገኘሁት አሥርን ነበር። አሥራ አንድ ትንሽ ሞላ፣ የተጠማዘዘች ሽቦ፣ ናት፤ እንዳትጠፋ ብዬ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ። ወለሉን ፈለግኩ፣ ጆንያውን አራገፍኩ፣ ሾፌሩ ወጥተው አብረውኝ ፈለጉ፣ ባለቤታቸውም የምርመራ ዓይናቸውን ይዘው መጡ። በመጨረሻ ባለቤታቸው፣ «ኪስህን» አሉኝ። ግራ ኪሴ ውስጥ ከቢጫው ጠመኔ ጋር ተኝታ ተገኘች። ቢጫ ሆናለች። ሾፌሩ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገዋት ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ስትነሣ ቢጫ ትተፋለች እያሉ ሲያወሩብኝ ኖረዋል።

የበዓሉ ዕለት ሰልፉ ከገበያው ተነሥቶ ዳገቱን ያዘ። ከበሮው ከፊት ነው፤ መኪናዋ ከኋላ፣ እኔ ደግሞ ከመኪናዋ ልክ ፊት። ዳገቱ ቀጥ ሲል ጆሮዬ ከበሮውን ትቶ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ብትሆን ትታፈናለች፣ ትቆማለች፣ ያ ቤትም ያለ ጣራ ይቀራል። ድምፁ አልተቋረጠም፤ ዝግ ያለ፣ ወፍራም የአንደኛ ማርሽ ጉርምርምታ ነበር። ምን ያህል እንደተደሰትኩ ዘወር ብዬ ለሾፌሩ በእጄ ላሳይ ስል ምቱ ጠፋኝ፣ የፊተኛውን መምህር ተረከዝ ረገጥኩ፣ ረድፉም ተደናገረ። ሾፌሩ የመኪናዋን ጡሩንባ ነፉብኝ።

አለቃችን ከሜዳው ወደ ቢሯቸው የተመለሱት በመኪናዋ ነበር። ሲወርዱ ለሾፌሩ፣ «ነገ ገሳይ እንሄዳለን፣ በጠዋት ይድረሱ» ብቻ አሏቸው። ያ በቂ ነበር።

አሠልጣኙን አውቶቡስ ድረስ ሸኘነው። «ለላኩኝ ሰዎች ማርሹ ተጠግኗል እላለሁ» አለ፤ «ውሸት አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አለ። «የእርስዎ ግን መለዋወጫም የለው።»

ክረምቱ ሳይገባ የሾፌሩ ቤት ጣራ ተመታ። እሳቸው ላይ ወጥተው ምስማር ሲመቱ፣ ባለቤታቸው ከታች ቆመው ያዝዛሉ። እኔ ቆርቆሮዎቹን አቀባይ ነበርኩ። አንዱ ከሌላው እንዳይምታታ በየአንዳንዱ ጀርባ በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩበት። ማንም አልጠየቀኝም።